ለዶሮ መድኃኒት፣ ለግመል መርዝ

የሰንበቴ ገበያ እሑድ ነው። በጅሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ አዲስ አበባን ከደሴ በሚያገናኘው አስፋልት ዳር ያለችው ይህች ከተማ በሌላው ቀን ከመንገድ ዳር ከተሞች ብዙም አትለይም። እሑድ ግን ከምሥራቅ፣ ከአፋር ቆላ፣ ግመልና ፍየል እየተነዳ ይገባል፤ ከምዕራብ፣ ከደጋው፣ አህያው ጭነቱን ይዞ ይወርዳል። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በአንድ ሜዳ ይገናኛል፤ በማግስቱ ሰኞ ባቲ ላይም እንዲሁ ይሆናል።

ገበያተኛው ዓይኑ የሠለጠነ ነው። የፍየሉን ወገብ በጣቱ ይጫናል፤ የሰንጋውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ግመሏን ከተንበረከከችበት አስነስቶ ያስኬዳታል፣ አረማመዷ ካላማረው ዋጋ ሳይጠራ ያልፋል። ከልጅነት ጀምሮ ከመንጋ ጋር የኖረ ሰው በሽተኛን ከጤነኛ ለመለየት መሣሪያ አያስፈልገውም።

መኖ ሊገዛ ሲመጣ ግን ይህ ብልሃት ብዙም አይራመድለትም። ፉርሽካ አለ፣ የኑግ ፋጉሎ አለ፣ የተፈጨ በቆሎ አለ፤ አሁን አሁን በየከተማው የዶሮ መኖም አለ። ገዢው እጁን ከጆንያው አስገብቶ ይዘግናል፣ ያሸታል፣ እንዳልሻገተ ያያል፣ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም። በብዙ የሀገራችን ገበያ ጆንያው ራሱ ሁለት ሦስት እጅ ያለፈ ነው፤ ላዩ ላይ የታተመው የስኳር ወይም የማዳበሪያ ስም ሆኖ ውስጡ ሌላ ነው። ማን ቀላቀለው? ከዚህ በፊት በዚያው ማሽን ምን ተቀላቅሎበት ነበር? ሻጩም አያውቅም።

ሰንበቴ ላይ መንጋ በጆንያ መኖ ተመርዞ አለቀ የሚል ክስ የለኝም። የምለው ይህ ነው፦ ሌላው ዓለም ግመሉንና ፈረሱን የጨረሰበት መንገድ ወደዚህ ገበያም ይወስዳል፤ በመንገዱ ላይ አደጋውን የሚያስቆመው ነገር ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው።

እረኛው የሚያውቀው መርዝ

መርዝ ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ማሽላ የሚዘራ ሁሉ ያውቀዋል። ዝናብ ተቋርጦበት የቀጨጨ ለጋ ማሽላ፣ ወይም ከታጨደ በኋላ ከጉቶው ዳግም ያቆጠቆጠ ቡቃያ፣ የራባት ላም ከገባችበት በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥላት ይችላል። በተክሉ ውስጥ ዱሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሲታኘክና ሲፈጭ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ይለቃል፤ ሳያናይዱ የሰውነት ሴሎች በደም የመጣላቸውን ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያደርጋል። እረኛው የዱሪንን ስም ሰምቶት ባያውቅም ድርቅ የመታው ማሳ አጠገብ ሲደርስ መንጋውን ወደ ሌላ ያዞራል። አድጎ የደረቀው አገዳ እንደማይጎዳም ያውቃል፤ በጋውን ከብቱን የሚያቆይለት እሱ ነው። ቅንጨ አረም የበላች ላም ወተቷ እንደሚመርም ከማንም ሳይማር ደርሶበታል።

አፋሮች ደግሞ ዳጉ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም፤ አረፍ ብለው ወሬ ይቀባበላሉ። ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት በቀለ፣ ከብት የት ታመመ፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ ይባባላሉ። ተናጋሪው ያየውን ከሰማው ለይቶ እንዲያወራ ይጠበቅበታል። የበሽታ ዜና ብዙ ጊዜ ከጽሕፈት ቤት ሪፖርት ቀድሞ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። በእኔ እምነት ሀገሪቱ ካሏት የበሽታ ማስጠንቀቂያ መንገዶች ሁሉ ከልብ ሊከበር የሚገባው ይህ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ እውቀት የተገነባው በሜዳ ለሚታይ ነገር ነው። ገዳዩ ቅጠል መልክ አለው፣ የሚበቅልበት ቦታ አለው፣ ወቅት አለው። በአንድ ቶን መኖ ውስጥ ስልሳ ግራም ብቻ የገባ ዱቄት ግን በዓይን አይታይም፣ በአፍንጫም አይሸተትም። ዳጉም ቢሆን ከብቱ የወደቀበትን ቀበሌ ሊናገር ይችላል እንጂ የጆንያውን ታሪክ ከየት ያመጣዋል?

ጆንያው ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። ከከሚሴ ከተማ በታች የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ከአፋር ጭምር መንጋ የሚሰበሰብበት ግጦሽ ነው፤ እርሻ እየገፋ ሲመጣ ጠቧል። ሜዳው በጠበበ ቁጥር የሚገዛው መኖ ይበዛል። ድርቅ ሲገባማ መኖ በመኪና ይጫናል፤ ያን ጊዜ የራበው ከብት አይመርጥም፣ የጨነቀው ባለቤትም አይጠይቅም።

ዋዲ አል ደዋሲር፣ 1999

በ1999 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ነሐሴ 2007 ማለት ነው፣ ከሪያድ በስተደቡብ ባለው የዋዲ አል ደዋሲር አካባቢ ግመሎች መውደቅ ጀመሩ። ይንገዳገዳሉ፣ ይተኛሉ፣ ከዚያ አይነሡም። መጀመሪያ የተፈራው ተላላፊ በሽታ ነበር። በጥቂት ሳምንታት የሞቱት በመንግሥት ቁጥር ወደ 2 ሺህ ተጠጉ፤ ባለቤቶቹ ከዚያ እጅግ ይበልጣል ይሉ ነበር። በኋላ የሳዑዲ ግብርና ሚኒስቴር ምክንያቱ መኖው መሆኑን አስታወቀ። ግመሎቹ በበሉት ፉርሽካ ውስጥ ሳሊኖማይሲን የተባለ የዶሮ መድኃኒትና ሻጋታ ተገኝቶ ነበር። ለባለቤቶቹ ካሳ እንዲከፈል ንጉሥ አብደላ አዘዙ።

ዜናው ለሰንበቴ ሰው የሩቅ አይደለም። ከከሚሴ፣ ከባቲና ከዙሪያቸው ካሉ ቀበሌዎች ስንት ወጣት በጅቡቲና በየመን አቋርጦ ሳዑዲ ገብቶ የሰው ግመልና በግ ሲጠብቅ ኖሯል። ፉርሽካውን ከጆንያ ወደ ገንዳ የሚገለብጠው እጅ የእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው አደጋው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የእንስሳት ሐኪሞች በአንድ የግመል እርባታ የደረሰ የሳሊኖማይሲን መመረዝ መርምረው ለሙያ ባልደረቦቻቸው ጽፈው ነበር። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በጎረቤት ሀገር በዚያው መድኃኒት መንጋ አለቀ። ምርምሩ የታተመበት መጽሔትና መኖው የሚደባለቅበት መጋዘን አልተገናኙም።

ሳሊኖማይሲን ለምን ያገለግላል? ዶሮ አርቢዎች ሁሉ የሚፈሩት ኮክሲዲዮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ አንጀት ውስጥ የሚራባ ጥገኛ ነፍስ ጫጩቱን ደም ያስቀምጠዋል፣ ቤቱን ሙሉ በቀናት ሊጨርስ ይችላል። በሽታውን ለመከላከል ከመኖው ጋር በትንሽ በትንሹ የሚቀላቀሉ መድኃኒቶች አሉ። ከነሱ ዋነኞቹ ከአፈር ባክቴሪያ የሚገኙ፣ አዮኖፎር የሚባሉ ናቸው፦ ሞኔንሲን፣ ሳሊኖማይሲን፣ ላሳሎሲድ፣ ናራሲን፣ ማዱራሚሲን። ሞኔንሲን በአሜሪካ ለዶሮ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ቆይቶም ለሥጋ ከብት ማድለቢያ ዋለ። በልኩና ለተፈቀደለት እንስሳ ከተሰጠ መልካም መድኃኒት ነው።

አዮኖፎር ሥራውን የሚሠራው ሶዲየምን ወይም ፖታሲየምን እየያዘ የሴልን ሽፋን በማሳለፍ ነው። የጥገኛው ሴል የጨው ሚዛኑ ተናግቶ ይሞታል። በብዛት ሲገባ ግን የራሱ የእንስሳው ሴልም እንዲሁ ይናጋል። ሶዲየም ይገባል፣ ካልሲየም ይከማቻል፣ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያዎች ይበላሻሉ። በዚህ ክፉኛ የሚጎዳው ጡንቻ ነው፤ ልብም ጡንቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንስሳት የሚለያዩት። ከሚወስዱት እንስሳት ግማሹን የሚገድለው የሞኔንሲን መጠን ለዶሮ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቷ 200 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ለዳልጋ ከብት ከ20 ሚሊ ግራም ይጀምራል። ለፈረስ ግን ከ2 እስከ 3 ብቻ ነው። ሳሊኖማይሲን ደግሞ ይብሳል፦ ለፈረስ 0.6 ሚሊ ግራም ይበቃል። በሂሳብ እንየው። ለዶሮ በሚዘጋጅ መኖ ውስጥ በኪሎ 60 ሚሊ ግራም ሳሊኖማይሲን መግባቱ የተለመደ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን የኛ አገር ፈረስ ከዚህ መኖ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢበላ ለሞት የሚያበቃውን መጠን አገኘ ማለት ነው። ዶሮዋ በዚያው መኖ ዕድሜዋን ሙሉ ስታድግ ምንም አትሆንም። አህያና በቅሎም የፈረስ ዘመዶች ናቸው፤ ግመልም ለእነዚህ መድኃኒቶች እጅግ ስስ ከሆኑት እንስሳት ጋር ትመደባለች።

የተመረዘ እንስሳ መጀመሪያ መኖውን ይተዋል። ከዚያ ያልበዋል፣ የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱ ሊጠቁር ይችላል፤ የጠቆረው የተበጣጠሰው ጡንቻ ቀለም በሽንት ሲወጣ ነው። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ሐኪም ቶሎ ከደረሰ በከሰልና በዘይት አንጀቱን ለማጽዳት፣ ፈሳሽ በመስጠት ለመርዳት ይሞክራል። ሳይሞት ያለፈውም ነፃ አልወጣም፦ ልቡ ጠባሳ ይዞ ስለሚቀር ከሳምንታት በኋላ ሲጫን ወይም ረጅም መንገድ ሲነዳ ባለበት ሊወድቅ ይችላል። ይህን ለገበያ አገር ሰው ደግሜ ብነግረው ደስ ይለኛል። የታመመ ከብት ሲታይ የመጀመሪያው ሐሳብ ሳይሞት ገበያ ማድረስ ነው፤ በዚህ መርዝ ለተመታ እንስሳ ግን ወደ ሰንበቴ መነዳቱ ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ከማሽኑ እስከ ጆንያው

መርዙን ማንም ሆን ብሎ አይጨምረውም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ መኖ ማቀነባበሪያ ጠዋት መድኃኒት ያለበት የዶሮ መኖ ይቀላቅላል፤ ከሰዓት በዚያው ማሽን የከብት ወይም የፈረስ መኖ ይቀላቅላል። ማሽኑ ጥግ ላይ፣ ማጓጓዣው ውስጥ የቀረው ዱቄት ቀጣዩ መኖ ውስጥ ይገባል። አውሮፓውያን ይህ ፈጽሞ እንደማይጠፋ አምነው እ.ኤ.አ. በ2009 ልክ አወጡለት፦ ለስስ እንስሳት በሚዘጋጅ መኖ ውስጥ የሚቀረው ለዶሮ ከሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን አንድ በመቶ፣ ለሌሎች ሦስት በመቶ እንዳይበልጥ። የሠለጠነ ፋብሪካም ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሞኔንሲንና ላሳሎሲድ የገባበት የፈረስ መኖ በአንድ የፈረስ ማዕከል 22 ፈረሶችን መርዟል።

በአካፋ በሚቀላቀልበት ቦታ ስህተቱ ሌላ መልክ አለው። መድኃኒቱ የሚመጣው ከተሸካሚ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ በኪሎው ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ መለያው ላይ በፈረንጅ ቋንቋ ተጽፏል። መለያውን ያላነበበ ሰው በዓይን ልክ ይጨምራል፣ በደንብም ላይዳረስ ይችላል፤ አንዱ ጆንያ ባዶ ሆኖ ሌላው የአሥር ጆንያ መድኃኒት ይይዛል። ግራምና ኪሎ ግራም ከተሳሳተማ ዶሮውም አይተርፍም።

የዶሮ ኩስም አለ። ኩስ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ የሚያመሰኩ ከብቶች ይጠቀሙበታል፤ በኛም አገር ለማድለቢያ ተሞክሯል፣ ተጠንቷልም። ነገር ግን ዶሮዋ የበላችው መድኃኒት ከፊሉ ከኩሷ ጋር ይወጣል። በደቡብ አፍሪካና በእስራኤል ማዱራሚሲን ከተሰጣቸው ዶሮዎች የተጠረገ ኩስ የበሉ ከብቶች ልባቸው ደክሞ ሞተዋል። በርካሽ የተገኘ የፕሮቲን ምንጭ ተብሎ ለሰንጋ የሚሰጥ ኩስ ከየትኛው ዶሮ ቤት እንደመጣ፣ ዶሮዎቹ ምን እንደበሉ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ለሰንበቴና ለከሚሴ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከዚህ ሁሉ ቀላሉ ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የዶሮ እርባታ ወደ ትንንሽ ከተሞች ገብቷል፤ መልካም ነገር ነው፣ እንቁላል ለልጆች ነው። ከዶሮው ጋር ግን መኖውም ገባ። ያን መኖ ከመኪና ማራገፊያ እስከ ግቢ የሚያደርሰው አህያና የአህያ ጋሪ ነው። ጆንያ ይቀደዳል፣ ይፈሳል፣ አህያዋ ትለቅማለች። ዶሮው ያለቀበት ሰው የተረፈውን መኖ አይጥለውም፤ ለበሬው፣ ለአህያው፣ ለጎረቤት ግመል ይሰጣል፤ ያወፍራል ብሎ በደግነት ነው የሚሰጠው። ከላይ ያየነው ሁለት ኪሎ ተኩል አንድ ቁና ሙሉ እንኳ አይሆንም።

እኛ የምናውቀው ስንት ነው?

ከፉርሽካና ከፋጉሎ የሚነሣ ጉዳት እስከ ሰው ድረስ እንደሚዘልቅ አዲስ አበባ ከአሥር ዓመት በፊት አይታለች። ዳዊት ግዛቸውና ባልደረቦቻቸው ለከተማዋ ወተት ከሚያቀርቡ አካባቢዎች 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙና መርምረው ነበር። በሁሉም የመኖ ናሙና ውስጥ ከሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን ተገኘ። ከ110 የወተት ናሙና 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ይዟል፤ ይህም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወተት ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ነው። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆነ። ዜናው በ2008 መግቢያ ላይ ሲሰማ ብዙ ሰው ወተት መግዛት አቆመ፤ ገበሬው ለማያውቀው ጥፋት ገበያውን አጣ። አፍላቶክሲን መድኃኒት አይደለም፤ ጎዳናው ግን አንድ ነው፦ ማንም ካልመረመረው ጆንያ ወደ ላሟ፣ ከላሟ ወደ ልጅ ጽዋ።

የመድኃኒትም ጎዳና ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባ፣ ከቢሾፍቱና ከአዳማ ቄራዎች 384 ናሙና ወስዶ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ፈልጎ ነበር፤ በ71.3 በመቶው ውስጥ አገኘው። በየገጠር ገበያው መርፌው እንደ ልብ ይሸጣል፤ አርብቶ አደሩ ራሱ ገዝቶ ራሱ ይወጋል፣ ሐኪም ሩቅ ነውና አልፈርድበትም። ነገር ግን ከተወጋ በኋላ ሥጋው እስኪጠራ ሳምንታት መቆየት ያለበት ሰንጋ በሳምንቱ ገበያ ይወጣል።

ሕጉ አለ። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መድኃኒቱንና መኖውን በአንድ ሕግ ሥር ያስቀመጠ ነው፤ ይህ አስተዋይነት ነው፣ ሁለቱ አንድ ጆንያ ውስጥ ስለሚገናኙ። ራሱን የቻለ ባለሥልጣን ተቋቁሞለት ቆይቶ፣ በ2014 የመንግሥት አወቃቀር ሲለወጥ ሥራው ወደ ኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ተጠቃሏል። ጎድሎ የሚታየኝ ከአዲስ አበባ እስከ እሑድ ገበያ ያለው ርቀት ነው። የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክትባት ይሰጣል፣ በሽታ ያሳውቃል፣ የመኖ ሻጭን ፈቃድና መለያ ለማየት ግን እጁ አይደርስም።

ሦስት እንስሳ በአንድ ሌሊት ሲወድቅ

ድንገተኛ ሞት ሲደርስ በኛ አገር ቀድሞ የሚጠራው ስም አባ ሰንጋ ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ አባ ሰንጋ ሰውንም ይገድላል። ደም ከአፍንጫና ከፊንጢጣ ከወጣ፣ ሬሳው ካልደረቀ፣ ማንም አይክፈተው፣ ማንም አይግፈፈው፣ ሐኪም ይጠራ። ከመኖ መመረዝ የሚለየው በታሪኩ ነው፦ የታመሙት አዲሱን ጆንያ የበሉት ብቻ ናቸው፣ ሜዳ የዋሉት ደኅና ናቸው፣ ትኩሳት የለም፣ አህያና ግመል ሲወድቁ በሬው ገና ቆሟል።

ሳይሞት ቢላ ይድረስለት የሚባለውንም አውቃለሁ። የአንድ ቤተሰብ ሀብት ከዓይን ፊት ሲጠፋ ሥጋውን ለማትረፍ መጣደፍ የድህነት ሥራ ነው። ምን እንደገደለው ያልታወቀ እንስሳ ሥጋ ግን ለልጅ አይሰጥም።

ባለቤቱ በዚያን ሰዓት ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ነው። መኖውን ያቆማል። የተረፉትን ባሉበት ያሳርፋቸዋል፣ አይነዳቸውም። ጆንያውን አይጥለውም፤ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች እየዘገነ ግማሽ ኪሎ ያህል በንጹሕ ላስቲክ ያስራል፣ ከማን እንደገዛና መቼ እንደገዛ ያስጽፋል። የወረዳው ሐኪም ናሙናውን ኮምቦልቻ ላለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሊልክለት ይችላል፤ ከዚያ የሚያልፍ ምርመራ ከሆነ ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ጆንያው ከሌለ ግን የሚጠየቅ ሰው አይኖርም፤ የሳዑዲ ግመሎች በምን እንደሞቱ የታወቀው ፉርሽካው ስለተመረመረ ነው።

ከአቀነባባሪዎች የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። አዮኖፎር የገባበት የዶሮ መኖ ጆንያ ሁሉ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአፋርኛ «ለፈረስ፣ ለአህያ፣ ለበቅሎ፣ ለግመል አይሰጥ» የሚል ጽሑፍ ይታተምበት። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ የግመልና የአህያ ሥዕል ላዩ ላይ ቀይ ሰረዝ ተደርጎበት ይታከልበት። ለድርቅ ጊዜ መኖ የሚገዙ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶችም መኖው ከመጫኑ በፊት ማሽኑ ከዚያ ቀደም ምን እንደቀላቀለ የሚያሳየውን መዝገብ ይጠይቁ፤ አቅራቢው መዝገብ ከሌለው መኪናው ወደ ጨፋ አይነሣ።